«ምን ምን ይላል?» የአንድ ኩሽና የጉዳይ ጥናት

አማቴ ከበሩ ሁለት እርምጃ ሳያልፉ ቆሙ። አፍንጫቸውን ወደ ኩሽናው አዞሩና «ልጄ፣ ይሄ ቤት ምን ምን ይላል?» አሉኝ።

እኔ ምንም አልሸተተኝም። ባለቤቴም እንደኔው። አፍንጫ ለለመደው ሽታ ቶሎ ይደነዝዛል። በየቀኑ የምንተነፍሰውን ሽታ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከውጭ የመጣ ሰው ግን ገና በሩ ላይ ያገኘዋል።

ያበሳጨኝ ደግሞ ቤታችን ቆሻሻ የሚባል ቤት አለመሆኑ ነው። ያልታጠበ ሳህን አያድርም። ምድጃው በየቀኑ ይወለወላል። ወለሉ ላይ ፍርፋሪ አይገኝም። ለካ የምናጸዳው ዓይናችን የሚያርፍበትን ብቻ ኖሯል።

ከዚህ በታች ያለው ሽታውን ፍለጋ የሄድንበት መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ተሳስተናል። አንድ ዕቃ አበላሽቻለሁ። በመጨረሻ ያገኘነው ቦታ ደግሞ መኖሩን እንኳ አራት ዓመት ሙሉ ያላወቅነው ነው።

ኩሽናው

ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው በጎን ነው የሚያልፈው። ባለ አራት ምድጃ የጋዝ ስቶቭ አለ፤ ከሥሩ ኦቨን አለው። ከላዩ የጭስ መሳቢያ ተሰቅሏል። ይሄኛው ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣው ዓይነት አይደለም፤ አየሩን ስቦ በማጣሪያ ያሳልፍና መልሶ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። የግድግዳ ካቢኔቶቹ ጣሪያው ጋ አይደርሱም። በላያቸው አንድ ክንድ ያህል ባዶ ቦታ አለ። ፍሪጁ ጥግ ላይ ነው። ላቫንዲኖው መስኮቱ ሥር። ቤቱ ውስጥ አራት ዓመት ኖረናል፤ በእነዚህ ዓመታት ፍሪጁን ከቦታው ያነቃነቅንበት አንድም ቀን የለም።

ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች

ኩሽና ሲሸት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ላቫንዲኖውን ነው። እኔም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ፤ ኮምጣጤ አፈሰስኩበት። ተንተከተከ፣ አረፋ ደፈቀ። ደስ አለኝ። ሥራ እየተሠራ መሰለኝ።

አረፋው ያታልላል። ቤኪንግ ሶዳ አልካሊ ነው፤ ኮምጣጤ አሲድ ነው። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል። የሚቀረው ውሃና ሶዲየም አሲቴት የሚባል ጨው ነው፤ አረፋው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ተኖ ይሄዳል። በማጽዳት አቅሙ ከተራ ውሃ ብዙም አይሻልም። ለየብቻ ቢሆኑ ሁለቱም ሥራ ያውቃሉ። ሶዳው ቅባት ያላላል፣ ሲፈትጉበትም ያነሳል። ኮምጣጤው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያሟሟል። አንድ ላይ ግን ትርዒት ናቸው።

ሽታው አልሄደም። በረኪና አነሳሁ። ክዳኑን ከፍቼ ላፈስ ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ኮምጣጤው እኮ ገና እዚያው ነው!»

እውነቷን ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። ላቫንዲኖ ውስጥ የሚፈጠረው ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ጎንበስ ብሎ ለሚያጸዳ ሰው ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም መዘዝ አለው፤ እዚያ የሚወጣው ክሎራሚን የሚባል ጋዝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ በረኪና ከውሃ በስተቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም።

ላቫንዲኖውን በብዙ ውሃ አጥበን በረኪናውን በማግስቱ ተጠቀምን። ቤቱ ለሁለት ቀን በረኪና በረኪና አለ። በሦስተኛው ቀን ያ የድሮው ሽታ ተመልሶ መጣ። እኛ ግን አሁንም አልሸተተንም፤ የነገረችን ጎረቤታችን ናት።

የሶፍት ምርመራ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ወጥተን አንድ ሰዓት ያህል ተራመድን። ዓላማው አፍንጫችንን ማሳረፍ ነበር። ስንመለስ በሩን ከፍተን ቆምንና በደንብ ሳብን። ሸተተን! ትንሽ የቆየ ቅባት፣ ከሥሩ ደግሞ ኮምጠጥ ያለ፣ ስም ያላገኘንለት ነገር።

ከዚያ ነጭ ሶፍት ይዘን ኩሽናውን ተካፈልነው። አንድን ቦታ በአዲስ ሶፍት መጥረግ፣ ቀለሙን ማየት፣ ማሽተት፣ ወረቀት ላይ መጻፍ። ለጨለማው ቦታ የስልክ ባትሪ። 23 ቦታ ጠረግን። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥታ ከፍ ያለውን ያዘች፤ እኔ ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ።

ሶፍቶቹን ጎን ለጎን ስንደረድራቸው ነገሩ ተገለጠልን። ቆሻሻው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ከላይ የመጡት ሁሉ ቢጫና የሚያጣብቁ ናቸው፤ ከካቢኔቶቹ አናት፣ ከጭስ መሳቢያው፣ ከመብራቱ ሽፋን። ከታች የመጡት ጥቁርና የሚያዳልጡ ናቸው፤ ከፍሪጁ በር ጎማ፣ ከላቫንዲኖው፣ ከሳህን ማድረቂያው ሥር። ዘይት ከእንፋሎት ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ውሃ የምግብ ትርፍራፊ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። መሃል ላይ ያለው፣ ከወገብ እስከ ዓይን ያለው፣ ንጹሕ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ መሃሉን ነው ስናጸዳ የኖርነው።

ወደ ላይ የወጣው

ምግብ ሲጠበስ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ የዘይት ጠብታዎች ይነሳሉ። ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲያገኙ ያርፋሉ። መጀመሪያ ቀጭን እርጥብ ቅባት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሳሙና የነካው ጨርቅ ያነሳዋል። ሲቆይ ግን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። ዘይትነቱ ይቀርና ቫርኒሽ ይሆናል። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚለውሱት ይኸው እንዲሆንላቸው ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውሃ ስለሚተንለት ሳይሆን በዚህ መንገድ ስለሚጠነክር ነው። የእኛ ካቢኔት አናት እንግዲህ አራት ዓመት የተሣለ ሥዕል ነበር። አቧራና አንዲት የሞተች ዝንብ ተለጥፈውበታል።

መጀመሪያ በጉልበት ሞከርኩ። የሽቦ ፍቅፋቂ ይዤ ሩብ ሰዓት ፈተግኩ። መዳፌን የሚያህል ቦታ ጸዳ። የካቢኔቱ ቀለምም አብሮ ተጫረ።

ኸርበርት ሲነር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 ጽዳትን በአንድ ክብ ሥዕል አስቀምጦታል። ክቡ አራት ቁራጭ አለው፤ ኬሚካል፣ ሙቀት፣ ጊዜና ፍትጊያ። አንዱን የቀነሰ ሰው ከሌሎቹ መጨመር አለበት። አንዱን የጨመረ ደግሞ ከሌላው ይቀነስለታል። እኔ ከአራቱ የጨመርኩት ፍትጊያውን ብቻ ነበር፤ ያውም በጣም የሚያደክመውን። ምንም የማያስወጣውን ጊዜን ግን አልነካሁትም።

ሁለተኛው ሙከራ እንዲህ ሆነ። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ በርከት ያለ የሳህን ሳሙና፣ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። አሮጌ ፎጣ ነክረን፣ ጨመቅ አድርገን፣ ካቢኔቱ አናት ላይ አነጠፍነው። ሃያ ደቂቃ ተውነው። ወርደን ሻይ ጠጣን። ስንመለስ ቅባቱ እንደ ረጠበ ሙጫ ላልቷል። ጊዜው ባለፈበት የፕላስቲክ ካርድ ስገፋው እየተጠቀለለ መጣ። አንድ ጊዜ ደገምነው፤ በንጹሕ ውሃ ወለወልነው፤ አደረቅነው። በመጨረሻ አናቱን በአሮጌ ጋዜጣ አለበስነው። ከእንግዲህ የሚመጣው ቅባት የሚያርፈው ጋዜጣው ላይ ነው። ሲቆሽሽ ጠቅልሎ መጣል።

ያበላሸሁት ነገር የጭስ መሳቢያው ላይ ነው። ሁለት ማጣሪያ አለው፤ እንደ መረብ የተሠራ አሉሚኒየም። በመጀመሪያው ቸኮልኩ። ሶዲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ከቤኪንግ ሶዳ በጣም የሚበረታውን የእጥበት ሶዳ፣ በፈላ ውሃ አሟሟሁና ነከርኩት። ቅባቱ በአሥር ደቂቃ ለቀቀ። ማጣሪያውም ጠቆረ። ጠንካራ አልካሊ አሉሚኒየም ይበላል። አሁንም ይሠራል፤ መልኩ ግን የከሰል ነው። ቀና ባልኩ ቁጥር አየዋለሁ። ሁለተኛውን በሙቅ ውሃና በሳህን ሳሙና ብቻ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍነው። ውሃውን ለውጠን ደገምነው፤ በለስላሳ ቡሩሽ ነካ ነካ አደረግነው። ጊዜ ወሰደ፤ ግን አዲስ መስሎ ወጣ። ሁለቱም በደንብ ሳይደርቁ አልተመለሱም።

ከመረቡ ጀርባ ሌላ ነገር አገኘን። ጥቁር፣ ክብ፣ ቀለል ያለ። የከሰል ማጣሪያ ነው። ጭሱን ወደ ውጭ በማያወጣ መሳቢያ ውስጥ ሽታውን የሚይዘው እሱ ነው። ከሰሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሽታ ያጠራቅማል፤ ቀዳዳዎቹ ሲሞሉ ሥራው ያበቃል። አብዛኛው ዓይነት አይታጠብም፤ ይለወጣል። የእኛ ከተገዛ ጀምሮ አልተለወጠም። መሳቢያውን በከፈትን ቁጥር እናገኝ የነበረው የሞተሩን ጩኸት ብቻ ነው ማለት ነው። ለወጥነው።

(እግረ መንገዴን ልናገር፤ ቅባት የጠገበ ማጣሪያ ከእሳት በላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ ራሱ አደጋ ነው። መጥበሻ ላይ ዘይት ቢቀጣጠልና ነበልባሉ ወደ ላይ ቢዘል መጀመሪያ የሚያገኘው ነዳጅ እሱ ነው።)

ማምሻውን የቅባቱ ሽታ ለቀቀን። ያ ኮምጠጥ ያለው ግን አልሄደም።

ፍሪጁ

እሑድ ጠዋት ፍሪጁን ከሶኬቱ ነቀልነው። ቶሎ የሚበላሸውን ምግብ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተትን። እንዲህ ያለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሰዓት ይዘን ጀመርን።

በበሩ ጎማ ላይ ብዙ አልቆየንም። እጥፋቱን በጣት ገለጥ ሲያደርጉት ጥቁር ሻጋታ ነው። የጥርስ ቡሩሽ፣ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና። ጎማው በደንብ መግጠሙን ለማወቅ አንድ ወረቀት በሩ መሃል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ቀዝቃዛው አየርም በዚያው ይወጣል። የእኛ ከታች በኩል ላላ ብሎ ነበር። የተጋገረው ቆሻሻ ሲነሳለት ያዘ።

የአትክልት መሳቢያዎቹን ስናወጣ ከሥራቸው ውሃ ተኝቷል። ፍንጩ እሱ ነበር። ከዚህ በፊትም አይቼዋለሁ። በጨርቅ አድርቄ ዘግቼ ሄጃለሁ። ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የፍሪጁ ውስጠኛ የጀርባ ግድግዳ በጣም ቀዝቃዛ ነው። የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ውርጭ ይሆናል። ሞተሩ ሲያርፍ ውርጩ ቀልጦ ወደ ታች ይንቆረቆራል። ከታች ትንሽ ቦይ አለች፤ ቦይዋ መሃል እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። ውሃው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ በቱቦ ይወርድና ከፍሪጁ ጀርባ፣ ሞተሩ አናት ላይ በተቀመጠ ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። ሞተሩ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ውሃውን ያተነዋል። ብልህ አሠራር ነው፤ ማንም ሰው ውሃ መድፋት አያስፈልገውም። ማንም ስለማይደፋው ደግሞ መኖሩን የሚያውቅ የለም።

ቀዳዳችን ተደፍና ነበር። ፍሪጁን ወደ ፊት ጎተትነው። ከጀርባው ተንበርክኬ የስልኬን ባትሪ አበራሁ። ሳህኑ ውስጥ ቡናማ፣ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ሮጠች። እኔ አፍንጫዬን በክንዴ ሸፍኜ «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» እላለሁ። ደስታና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ሲመጣ እንግዳ ነገር ነው።

ከወራት በፊት ፍሪጁ ውስጥ አንድ ካርቶን ወተት ተደፍቶብን ነበር። መደርደሪያዎቹን አውጥተን አጠብን፤ የውስጡን ወለል ወለወልን፤ በቃ ብለን ረሳነው። ከፊሉ ግን በቀዳዳዋ ወርዷል። በሞተር ሙቀት ቀንና ሌሊት ከርሟል። የተበላሸ ወተት ለስ ያለ እሳት ላይ ጥዶ መርሳት በሉት። አማቴ ከበሩ ያገኙት እሱን ነው። አንዳንዱ እንግዳ ይሸታል ሲለን ሌላው ምንም የለም ይለን የነበረበት ምክንያትም ያኔ ገባን። ሽታው የሚበረታው ሞተሩ ተነስቶ ሙቁን አየር ሲገፋ ነው። ሞተሩ አርፎ ሳለ የመጣ ሰው አይሸተውም።

የእኛ ሳህን በሁለት ብሎን ተይዟል። በካቻቢቴ ፈታነው። አንዳንድ ፍሪጅ ላይ ሳህኑ አይወጣም፤ እዚያው በጨርቅ እየነከሩ መጭመቅ ነው። ጀርባው ላይ ካሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ጋር ግን ትግል አይገጠምም። ጋዝ ያለባቸው እነሱ ናቸው፤ አንዱ ከተሰበረ ከባድ ጥገና ይጠብቃችኋል።

መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብነው። በረኪናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ። ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም። በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፤ ለጀርሙ የሚተርፈው የለም። የተበጠበጠውን ደግሞ ለነገ ማስቀመጥ አይረባም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ይደክማል።

ቀዳዳዋን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከፈትናት። ለብ ያለ ውሃ ቀስ እያልን ገፋን። አራተኛው ላይ «ጉልጥ» አለችና ውሃው ከጀርባ ሲወርድ ሰማነው። ሽቦ አላስገባንም፤ ውስጡ ያለው ቱቦ ፕላስቲክ ነው፣ ይበሳል።

ጀርባውን ካየን አይቀር የአቧራውን ነገር አልተውነውም። እዚያ ያሉት ጥቁር የብረት ቱቦዎች ከፍሪጁ ውስጥ የወጣውን ሙቀት ወደ ክፍሉ የሚለቁ ናቸው። የእኛዎቹ ብርድ ልብስ የለበሱ ይመስላሉ። እንዲህ ሲሆኑ ሙቀቱ እንደልብ አይወጣም፤ ሞተሩ ሲለፋ ይውላል፤ ኤሌክትሪክም ይበላል። በለስላሳ ቡሩሽ አራገፍነው።

እዚያው ሞተሩ አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቡናማ ከረጢት አገኘን። የበረሮ እንቁላል ማስቀመጫ ናት። ቤት ውስጥ የሚበዛው ትንሹ ቡናማ በረሮ በአንዲት ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ይይዛል። ሙቀት፣ እርጥበትና ጨለማ ይወዳል፤ እኛ ቤት ሦስቱም ከወተት ጋር ቀርበውለታል። ከረጢቷ ባዶ ነበረች። እኔ ተመስገን ልል ስል ባለቤቴ «ልጆቹስ የት ሄዱ?» አለችኝ። በዚያኑ ቀን የሚያጣብቅ ወጥመድ አስቀመጥን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ያዘ፤ ከዚያ ባዶውን ቀረ።

ፍሪጁን መልሰን ስንሰካ ቴርሞሜትር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርገን አሳደርነው። ጠዋት 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አነበበ። 4 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18። ቁልፉን አስተካከልን። አራት ዓመት ሙሉ ያ ቁልፍ 3 ቁጥር ላይ ስለተቀመጠ 3 ዲግሪ ይመስለኝ እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

ላቫንዲኖው፣ እንደገና

ላቫንዲኖው ዋናው ጥፋተኛ ባይሆንም ንጹሕ አልነበረም። ከሥሩ ያለው ጠማማ ቱቦ፣ ሲፎኑ፣ ሁልጊዜ ውሃ የሚይዘው በዓላማ ነው። ያ ውሃ የፍሳሹ ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ በር ሆኖ ይዘጋል። ብዙ የማይሠራበት ላቫንዲኖ የሚሸተው ውሃው ስለሚደርቅ ነው፤ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ይበቃዋል። የእኛ ችግር ሌላ ነበር። ባልዲ ከሥሩ አድርገን ሲፎኑን በእጅ ፈታነው። ግራጫ ዝቃጭ፣ የተበጣጠሰ ላስቲክና አንዲት የሻይ ማንኪያ ወጡ። ማንኪያዋን ጎረቤት ወሰደው ብለን ነበር። (የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል ያፈሰሰ ሰው ሲፎኑን ወዲያው እንዳይፈታ። ያ ነገር ቆዳ ይልጣል።)

ማንም የማይነካው ግን የላቫንዲኖው አፍ አካባቢ ያለው ቀዳዳ ነው፤ ውሃ ሲሞላ እንዳይፈስ የተሠራው። ከጀርባው ያለው መተላለፊያ ብርሃን አያየውም፤ አይደርቅም። የጡጦ ማጠቢያ ቡሩሽ አስገብተን ስናወጣው ጥቁር ልጋግ ይዞ መጣ። ከፍሪጁ ሳህን ቀጥሎ በመሽተት ሁለተኛ የወጣው እሱ ነው።

ስፖንጁም አለ። ኤንኤስኤፍ ኢንተርናሽናል የሚባል የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በ22 ቤቶች 30 የዕለት ዕቃዎችን መርምሮ ነበር። ኮሊፎርም ባክቴሪያ (የሰገራ ንክኪ ሊኖር እንደሚችል የሚጠቁም ዓይነት) ከሁሉም በላይ የተገኘው ሳህን በሚታጠብበት ስፖንጅና ጨርቅ ላይ ነው፤ ከ75 በመቶ በሚበልጡት። የጀርመን ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ያገለገሉ 14 ስፖንጆችን መርምረው 362 ዓይነት ባክቴሪያ አገኙ። ባለቤቶቻቸው አዘውትረን እናጸዳቸዋለን ያሏቸው ስፖንጆች እንኳ ብዙም የተሻሉ አልነበሩም። ተመራማሪዎቹ የመከሩት በየሳምንቱ መለወጥን ነው። እኛ የምንለውጠው ሲበጣጠስ ነበር።

የቀረው በአጭሩ

የብሌንደሩ ምላጭ ሥር ያለው ጎሚኒ፦ ስንፈታው ሥሩ ሻጋታ ነው። በየቀኑ የምንጠጣው ጭማቂ በዚያ በኩል ያልፍ ነበር። የቆርቆሮ መክፈቻው ጥርስ፦ የደረቀ ነገር፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ በጥርስ ቡሩሽ። የማንኪያ መሳቢያው ጥግ፦ ፍርፋሪ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው፦ ከረጢቱ በየቀኑ ይወጣል፤ ከሥሩ ያለውን ግን ማንም አያየውም። የምድጃው ቀዳዳዎች፦ ሁለቱ ተደፍነው እሳቱ ወደ ቢጫ ያደላ ነበር። በመርፌ ከፍተን፣ በደንብ አድርቀን መለስነው፤ ሰማያዊ ሆነ። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አይሞከርም፤ ጫፉ ውስጥ ይሰበራል።

ስቶቩን ከመጎተታችን በፊት ጋዙን ከምንጩ ዘጋን። መልሰን ስንገጥመው መገጣጠሚያውን በሳሙና ውሃ ቀባን፤ አረፋ ከነፋ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው። አልነፋም። ከስቶቩ ጎንና ከካቢኔቱ መሃል የወጣውን ነገር አልዘረዝርም። የሆነ ጊዜ ካሮት የነበረ ነገር አለበት።

የፈጀው ጊዜና ብደግመው የምለውጠው

ሁለት ቀን፣ ለሁለት ሰው፣ በድምሩ 11 ሰዓት ገደማ። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ በከንቱ የሄዱ ናቸው። ብደግመው ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ የማደርገው የሚዘፈዘፈውን ሁሉ መዘፍዘፍ ነው። ማጣሪያው በራሱ ጊዜ እየለሰለሰ እኔ ሌላ ቦታ እሠራ ነበር። እኛ ግን አንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው ነው የሄድነው፤ ሃያ ደቂቃ በጠበቅን ቁጥር ሻይ። ሌላው፣ ወለሉን ቅዳሜ ማታ ወልውለን እሑድ እንደገና አቆሸሽነው። ከላይ ወደ ታች መውረድ፤ ደረቁን አቧራ ከማርጠብ በፊት ማንሳት። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ጓንት ያደረግነው እሑድ ነው። የቅዳሜው ሶዳ የጣቶቼን ቆዳ ለአንድ ሳምንት አደረቀው።

ከሦስት ወር በኋላ

በወሩ፣ በሁለት ወሩና በሦስት ወሩ የሶፍቱን ምርመራ ደገምን። የካቢኔቱ ጋዜጣ በሦስተኛው ወር ቢጫ ሆነ፤ ለመለወጥ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። ማጣሪያዎቹን በየወሩ ዘፈዘፍን። ትኩስ ቅባት ስለሆነ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። የፍሪጁ ሳህን ንጹሕ ነው፤ ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ብቻ። ቀዳዳዋን አንዴ በስሪንጅ አጠብናት። ሞተሩ ከድሮው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ ይሄ የእኔ ጆሮ ነው፣ በሰዓት አልለካሁትም።

ያልተሳካልን የላቫንዲኖው ቀዳዳ ነው። በሁለት ሳምንት ይመለሳል። በሙቅ ውሃና በሳሙና እናጥበዋለን፤ ይጸዳል፤ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። የጡጦው ቡሩሽ አሁን ቋሚ ቦታ አግኝቷል።

አማቴ ባለፈው ወር መጥተው ውለው ሄዱ። ስለ ሽታ ምንም አላነሱም፤ እኛም አልጠየቅንም። በማግስቱ ጠዋት ግን ደወሉልኝ። ሰላምታው እንዳለቀ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ያ ከፍሪጁ ኋላ ያገኛችሁት ሳህን እንዴት ነው የሚወጣው?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ከሶኬቱ ይንቀሉት» አልኳቸው። «ሳህኑን ግን ይተዉት፤ እኔ እመጣለሁ።»